በባሕር ኃይል የጠፋ ዘመድን እና የዘር ሐረግን እንዴት መፈለግ ይቻላል? ዝርዝር መመሪያ

"አጎታችን ባሕር ኃይል ነበር። ምጽዋ ከተያዘች በኋላ ወሬው ጠፋ።" እንዲህ የሚል ቤተሰብ ብዙ ነው። ፎቶውን ይዞ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል፤ "በዚህ ስም የለም" ይባላል፤ ተስፋ ቆርጦ ይቀመጣል። ስሙ ግን በሌላ አጻጻፍ፣ በሌላ ዓመት ወይም ማንም ባልጠየቀው መሥሪያ ቤት ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

ይህ መመሪያ ቅድመ አያቶቹን ለሚቆጥርም፣ በጦርነት የቀረ ዘመድ ላለውም ይሠራል። የሁለቱም መነሻ አንድ ነው። ከደረጃ 1 እስከ 5 ያለውን ሳትጨርሱ የማንንም ቢሮ በር አታንኳኩ።

ደረጃ 1፦ አንድ ደብተር ክፈቱ

አንድ ወፍራም ደብተር ግዙ። ስልክ ላይ ብቻ አትመኩ፤ ስልክ ይጠፋል፣ ይሰረቃል።

ለእያንዳንዱ መረጃ አራት ነገር ጻፉ፦ የተባለውን፣ ማን እንዳለው፣ የነገራችሁን ቀን፣ ሰውየው እንዴት እንዳወቀው። አራተኛውን ብዙዎች ይዘሉታል። ከጎኑ "አይቷል"፣ "ሰምቷል" ወይም "ይገምታል" ብላችሁ ምልክት አድርጉ። ከጊዜ በኋላ ሁለት ወሬ ሲጋጭ የሚያድናችሁ ይህ ምልክት ነው።

ደረጃ 2፦ ሽማግሌዎችን ጠይቁ

በዕድሜ የገፉትንና የታመሙትን አስቀድሙ። ብርቱዎቹ ይቆያሉ።

1. አንድ በአንድ አነጋግሩ። በድግስ ላይ ወይም ቤተሰብ በተሰበሰበበት ከጠየቃችሁ አንዱ ይናገራል፣ ሌላው ራሱን ይነቀንቃል። አምስት ሰው አረጋገጠልን ትላላችሁ፤ የሰማችሁት ግን የአንድ ሰው ቃል ነው።

2. ፈቃድ ጠይቃችሁ ድምፅ ቅዱ። "እማማ፣ እንዳይረሳኝ ልቅዳው?" ማለት ይበቃል።

3. "መቼ ተወለደ?" ብላችሁ አትጀምሩ። ብዙ ሰው ዓመቱን አያውቅም፤ እንዳያሳፍራችሁ ሲል ገምቶ ይሰጣችኋል። ከሚታወቅ ነገር ጋር አያይዙት፦ የኅዳር በሽታ (1911)፣ ጣልያን አዲስ አበባ የገባበት (ሚያዝያ 27 ቀን 1928)፣ ንጉሡ የተመለሱበት (ሚያዝያ 27 ቀን 1933)፣ የታኅሣሥ ግርግር (1953)፣ የመሬት አዋጅ (የካቲት 25 ቀን 1967)፣ የ1977ቱ ረሃብ። "ጣልያን ሲወጣ እርሱ ይሄድ ነበር? ወይስ ገና ይታዘል ነበር?" ብላችሁ ጠይቁ። በዚህ መንገድ የልደት ዓመቱን በአንድ ሁለት ዓመት ልዩነት ታገኙታላችሁ።

4. ዘሩን በአባትም በእናትም በኩል ቁጠሩ። በአባት ብቻ መቁጠር ለስም ይቀላል። ነገር ግን በብዙ ቦታ ርስት በሁለቱም በኩል ይወረስ ስለነበር ሽማግሌዎች የእናትንም ወገን አጥርተው ያውቃሉ። ለጋብቻ ሲባል እስከ ሰባት ቤት መቁጠር የለመዱ አዛውንት ካሉ እግራቸው ሥር ተቀመጡ። እያንዳንዱ ትውልድ ላይ "ወንድም እህት ነበረው? የት አገቡ?" ብላችሁ ወደ ጎንም ስፉ። የጠፋውን መረጃ ብዙ ጊዜ የሚይዘው የጎን ዘመድ ነው።

ጥንቃቄ። የጠፋው ሰው እናት ወይም ሚስት በሕይወት ካሉ በመጀመሪያው ቀን ስለ እርሱ አትጠይቁ። አንዳንድ እናት መርዶ ስላልመጣላት ልጇን እስከ ዛሬ ትጠብቃለች። መጀመሪያ የሚቀርባትን ሰው አማክሩ፤ እርሱም ባለበት ጠይቁ። ካለቀሰች ጥያቄውን አቁሙ። ደብተሩ ሌላ ቀን ይደርሳል።

ቆጠራው ከተሰበረባችሁ፦ አንዱ ሽማግሌ አንድ ትውልድ ዘሎ ይሆናል። ከአባት እስከ ልጅ ከ25 እስከ 30 ዓመት አስቡና ፈትሹት። ሁለት ስም መካከል 60 ዓመት ከተገኘ አንድ ሰው እንደጎደለ ጠርጥሩ።

ደረጃ 3፦ ስሙን በሁሉም መልኩ ዘርዝሩ

ፍለጋ በብዛት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። ለአንድ ሰው አንድ ገጽ ስጡ። የሚከተሉትን ሁሉ ሙሉ፦

ሙሉ ስም እስከ አያት። የእናት ስም እስከ አባቷ። የክርስትና ስም፤ የቤተ ክርስቲያን መዝገብ ሰውየውን የሚያውቀው በዚህ ነውና። የቤት ስም፣ የቁልምጫ ስም፣ ጓደኞቹ ያወጡለት ቅጽል። ለሴቶች ደግሞ በአማት ቤት የወጣላቸው ስም ካለ እርሱንም። ሲቀጠር ወይም ትምህርት ቤት ሲገባ ስሙን ቀይሮ ከሆነ የተቀየረውን ስም በቀይ ብዕር ጻፉ። ስማቸውን ለውጠው ወይም ያሳደጋቸውን ሰው አባት አድርገው የተመዘገቡ ወታደሮች አሉ። "አባቱ ማን ተብሎ ነው የተመዘገበው?" የሚለውን ጥያቄ አትርሱ።

ከዚያ አጻጻፉን አባዙ። ሀ፣ ሐ እና ኀ፤ ሰ እና ሠ፤ አ እና ዐ፤ ጸ እና ፀ በመዝገብ ላይ ይቀያየራሉ። "ኃይለ ሥላሴ" የተባለ ሰው "ሀይለስላሴ" ወይም "ኃ/ሥላሴ" ተብሎ ሊገኝ ይችላል። ገብረ፣ ወልደ እና ወለተ በ"ገ/"፣ በ"ወ/" እና በ"ወ/" ያጥራሉ፤ የመጨረሻዎቹ ሁለት አንድ ዓይነት መሆናቸውን ልብ በሉ። በፊደል ተራ የተደረደረ መዝገብ ላይ አንድ ፊደል ሲለወጥ ስሙ ብዙ ገጽ ርቆ ይሄዳል። መዝገብ ቤቱ ያለውን ሰው በትሕትና "በሌላውም ሐ ይፈልጉልኝ" በሉት።

በውጭ አገር መዝገብ ለመፈለግ ደግሞ ሌላ ወጥመድ አለ። እነርሱ የቤተሰብ ስም ይጠይቃሉ፤ እኛ የለንም። ስለዚህ አበበ በቀለ ገብረ መድኅን የተባለ ሰው በ"ገብረ መድኅን" ሥር፣ በ"በቀለ" ሥር፣ አንዳንዴም "መድኅን" ብቻ ተብሎ ይገባል። ሦስቱንም ሞክሩ። በላቲን ፊደል አምስት ስድስት ዓይነት አጻጻፍ አዘጋጁ፤ በተለይ ቀ፣ ጨ፣ ጸ እና ኘ ያሉበት ስም እንደ ጸሐፊው ይለዋወጣል።

ደረጃ 4፦ ዓመቱን በሁለቱም አቆጣጠር ጻፉ

ከመስከረም 1 እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ላለ ቀን በዓመቱ ላይ 7 ጨምሩ። ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን መጨረሻ 8 ጨምሩ። ለምሳሌ ጥቅምት 1982 ዓ.ም. ማለት ጥቅምት 1989 እ.ኤ.አ. ነው። የካቲት 1982 ዓ.ም. ግን በፈረንጁ 1990 ላይ ያርፋል።

ሰው በጅምላ "8 ደምር" እያለ ይሳሳታል። በጦርነት ፍለጋ አንድ ዓመት መሳሳት ሰውየውን ካልነበረበት ውጊያ ውስጥ ይጨምረዋል። ወሩን ሳታውቁ ዓመቱን አትቀይሩ፤ "1989 ወይም 1990" ብላችሁ ሁለቱንም ተዉት። በእያንዳንዱ ቀን አጠገብ "ዓ.ም." ወይም "እ.ኤ.አ." መጻፍ ግዴታ ነው።

የቦታ ስምም እንዲሁ ነው። በንጉሡ ጊዜ ጠቅላይ ግዛት፣ በደርግ ጊዜ ክፍለ ሀገር፣ ዛሬ ክልል ነው። አውራጃ ጠፍቷል። ናዝሬት አዳማ፣ ደብረ ዘይት ቢሾፍቱ ሆኗል። የትውልድ ቦታውን በያኔው ስምም በዛሬው ስምም ጻፉ። ቀን የሌለው ወረቀት ላይ የቀበሌ ቁጥር ካያችሁ ከ1967 በኋላ የተጻፈ መሆኑን ዕወቁ፤ የከተማ ቀበሌ የመጣው ያኔ ነው።

ደረጃ 5፦ ቤት ውስጥ ያለውን ወረቀት ሰብስቡ

ሣጥን፣ የቆዳ ቦርሳ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ወይም የቁርኣን ገጾች መሃል፣ የፎቶ ክፈፍ ጀርባ። ሁሉንም ፈትሹ። የምትፈልጉት ይህን ነው፦ መታወቂያ፣ የትምህርት ማስረጃ፣ ደብዳቤና ፖስታው፣ የግብር ደረሰኝ፣ የፍርድ ቤት ወረቀት፣ የጋብቻ ውል፣ የእድር ደብተር፣ የጡረታ ወረቀት፣ ከደመወዙ ለቤተሰብ የተላከበት ደረሰኝ። የወታደር ወረቀት ላይ መለያ ቁጥሩ ካለ ለብቻው በትልቁ ጻፉት። ስም ይሳሳታል፤ ቁጥር ግን ሰውየውን ከሞክሼው ይለያል።

ፎቶዎችን ፊትም ጀርባም አንሱ። ጀርባው ላይ የፎቶ ቤት ማኅተም፣ ከተማና ቀን ሊኖር ይችላል። አብሮት የቆመውን ሰው አትቁረጡ፤ ምናልባት በሕይወት ያለ ምስክር እርሱ ሊሆን ይችላል።

አትሳሳቱ፦ ያረጀ ወረቀት ላሚኔት አታስደርጉ፣ በፕላስተር አትጠግኑ። ፎቶ ጀርባ ላይ በእስክሪብቶ አትጻፉ። ዋናውን ለማንም አትስጡ፤ ኮፒ ስጡ።

ደረጃ 6፦ የቅድመ አያቶችን መዝገብ ፈልጉ

የወሳኝ ኩነት ምዝገባ በአገር ደረጃ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. ነው። ስለዚህ የአያታችሁን የልደት መዝገብ እዚያ አትጠብቁ። ይልቅ በሰፈሩ ያሉ መዝገቦችን ጠይቁ፦ ሰውየው የተጠመቀበትን ወይም የተቀበረበትን ደብር፣ ኒካህ የታሰረበትን መስጊድ፣ የሸሪዓ ፍርድ ቤትን፣ እድሩን። አያያዛቸው ይለያያል፤ በአንዱ ደብር የተሟላ መዝገብ ይኖራል፣ በሌላው ምንም። ስትሄዱ የክርስትና ስሙን፣ የክርስትና አባቱን ስምና የነፍስ አባቱን ይዛችሁ ሂዱ።

አንድ የተረሳ ሀብት አለ፤ የርስት ክርክር። ከ1967 በፊት ርስት ለማግኘት የሚከራከር ሰው ዘሩን እስከ አቅኚው አባት (መሬቱን መጀመሪያ እስከያዘው) ቆጥሮ ማስረዳት ነበረበት። ቤተሰባችሁ የመሬት ክርክር እንደነበረበት ከሰማችሁ የፍርድ ቤቱን ስምና ዓመቱን ጠይቁ፤ የውሳኔውን ግልባጭም ፈልጉ። በአንድ ወረቀት ላይ ስድስት ሰባት ትውልድ ተጽፎ ሊገኝ ይችላል። ነገር ግን ተከራካሪው የሚጠቅመውን ወገን ብቻ ቆጥሮ ሊሆን ስለሚችል ከሽማግሌዎቹ ቃል ጋር አስተያዩት።

አያታችሁ ባለሥልጣን፣ ዳኛ ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከነበሩ አዲስ አበባ ያለው ብሔራዊ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት እና የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ይሞከራሉ። "የአያቴን ታሪክ እፈልጋለሁ" ብላችሁ አትግቡ። መሥሪያ ቤት፣ ቦታና ዓመት ይዛችሁ ግቡ።

ደረጃ 7፦ በእርግጥ ባሕር ኃይል ነበር?

ቤተሰብ "መርከብ ላይ ነበር" ሲል ሦስት የተለያየ ነገር ማለቱ ሊሆን ይችላል፦ ባሕር ኃይል፣ የንግድ መርከብ ወይም የወደብ ሠራተኛ። መዝገባቸው የተለያየ ቦታ ነው። የንግድ መርከብ ባሕረኛ ከሆነ መከላከያን ብትጠይቁ ስሙ አይገኝም። አልፎ ተርፎም ምጽዋ ወይም አሰብ የነበረ የምድር ጦር ወታደር በዘመድ አፍ "ባሕር ኃይል" ይባላል።

ለመለየት፦

1. ፎቶውን እዩ። ነጭ የባሕረኛ ልብስ፣ ቆቡ ላይ ያለ ጽሑፍ፣ መልሕቅ ያለበት ምልክት። አጉልታችሁ ተመልከቱ።

2. ማዕረጉን አጣሩ። መኮንን ነበር ወይስ ባለሌላ ማዕረግ (ከመኮንን በታች ያለ)? የባሕር ኃይል ካፒቴን በምድር ጦር ከኮሎኔል ጋር የሚመጣጠን ነው። ዘመድ "ካፒቴን" ሲል ሻምበል ማለቱ ይሁን የባሕር ኃይል ካፒቴን ጠይቁ።

3. ኮርሱን፣ ማለትም የሠለጠነበትን ዙር ፈልጉ። የባሕር ኃይሉ በ1955 እ.ኤ.አ. ተቋቁሞ መኮንኖቹን አስመራ በነበረው ኮሌጅ ያሠለጥን ነበር። "ስንተኛ ኮርስ ነው? ከማን ጋር ተመረቀ?" የሚለው ጥያቄ ከሁሉም ይበልጣል። ከ1969 ዓ.ም. በኋላ ሶቪየት ኅብረት ሄደው የሠለጠኑም አሉ። ከዚያ የመጣ ፖስትካርድ ካለ ትምህርት ቤቱንና ከተማውን ጻፉ።

4. የመርከቡን ስም ወይም ቁጥር ጠይቁ። "ኢትዮጵያ" የተባለችው ትልቋ የማሠልጠኛ መርከብ ስሟ በብዙ ቤተሰብ ይታወሳል። ያሠለጠነችው ግን ብዙ ሰው ስለሆነ በእርሷ ላይ ብቻ አትደምድሙ።

ደረጃ 8፦ የጠፋበትን ጊዜ አጥብቡ

ለመጨረሻ ጊዜ የጻፈበትን፣ የደወለበትን ወይም የታየበትን ቀን ያዙ። ከሚከተሉት አንዱ ላይ ይወድቅ እንደሆነ እዩ፤ ዓመቶቹ በዓ.ም. ናቸው።

ታኅሣሥ 1970 ገደማ። ሻዕቢያ ምጽዋን ከብቦ የባሕር ኃይሉን ሰፈር ያጠቃበት ጊዜ ነው። ሰፈሩ አልተያዘም። ስለዚህ የዚያን ጊዜ የሞተና የቆሰለ ሰው ወሬ ለጓዶቹ የመድረስ ዕድል ነበረው።

የካቲት 1982። ምጽዋ ተያዘች፤ ውጊያው በየካቲት የመጀመሪያ ቀናት ነው። ከዚህ በኋላ አራት ዕድል አለ፦ ሞት፣ ምርኮ፣ በባሕር ማምለጥ፣ ወይም ቀድሞውኑ በሥራ ወደ አሰብ ሄዶ መገኘት። አራቱንም ክፍት አድርጋችሁ ፈልጉ። የመጨረሻው ደብዳቤ ከምጽዋ ስለተጻፈ ብቻ በየካቲት ምጽዋ ነበር አትበሉ። ደብዳቤው የጥር ከሆነ ይገመታል፤ የመስከረም ከሆነ ግን በአምስት ወር ውስጥ ተዛውሮ ሊሆን ይችላል።

ግንቦት 1983። አስመራና አሰብ ሲያዙ የባሕር ኃይሉ መርከቦች ወደ ውጭ ሸሹ፤ አብዛኞቹ የመን ደረሱ። በዚህ ጊዜ የጠፋ ሰው በየመን፣ በሳዑዲ ዓረቢያ ወይም በጅቡቲ በኩል አልፎ ሌላ አገር ገብቶ ሊሆን ስለሚችል ፍለጋው ወደ ስደተኞች መዝገብ ይሄዳል።

ቀኑን ማጥበብ ካልቻላችሁ ከገንዘብ ጀምሩ። ለቤተሰቡ ብር ይደርስ ከነበረ በስንት ወር ተቋረጠ? ይህን ሚስት ወይም እናት አትረሳውም።

ደረጃ 9፦ ጠይቁ፤ ግን በቅደም ተከተል

መጀመሪያ ጓዶቹን። የቀድሞ ባሕረኞች በአገር ውስጥም በውጭም ይገናኛሉ። "እገሌን ታውቁታላችሁ?" ብቻ አትበሉ። ፎቶ፣ ኮርስ፣ መርከብ፣ ዓመትና የትውልድ አገር በአንድ አጭር መልእክት ላኩ። ምስክር ስታገኙ "ሞቷል ይባላል" የሚለውን አትቀበሉ። ማን አየ? የት? ከማን ጋር? ብላችሁ ወደ ዓይን ምስክሩ ድረሱ። ሰውየው ራሱ ቆስሎና ጓዶቹን ቀብሮ የመጣ ሊሆን ይችላል። ቀስ ብላችሁ ጠይቁት፤ ያልፈለገውን አታስገድዱት።

ቀጥሎ ማኅበራዊ ዋስትና። የጡረታ መዋጮና የተተኪ ጡረታ መዝገብ ብዙ ሰው የማያስበው መንገድ ነው። ሚስት ወይም ወላጅ በስሙ ተከፍሏቸው ከሆነ ፋይል አለ። ፋይሉ ውስጥ የተቀጠረበትና አገልግሎቱ የተቋረጠበት ቀን ይገኛል።

ከዚያ መከላከያ ሚኒስቴር። በጽሑፍ አመልክቱ። ዝምድናችሁን የሚያሳይ ማስረጃ፣ የስም ዝርዝሩን በሁሉም አጻጻፍ፣ መለያ ቁጥሩን ካለ፣ የፎቶ ኮፒውን አያይዙ። የማመልከቻውን ቅጂ ላይ የገቢ ቁጥርና ቀን አስጽፉ። ቁጥር የሌለው ማመልከቻ እንዳልገባ ቁጠሩት።

በመጨረሻ ቀይ መስቀል። እዚህ ላይ ዘግይታችሁ የምትደርሱት ጉዳዩ ቀላል ስለሆነ አይደለም። ቅጹን በደንብ ለመሙላት ከላይ ያለው ሁሉ ስለሚያስፈልግ ነው። በአገር ውስጥ በኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር ቅርንጫፍ ወይም በዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ በኩል፣ በውጭ ያላችሁ በምትኖሩበት አገር የቀይ መስቀል ወይም የቀይ ጨረቃ ማኅበር በኩል የፍለጋ ጥያቄ ክፈቱ። አገልግሎቱ ነጻ ነው። ሙሉ ስም እስከ አያት፣ የእናት ስም፣ የልደት ቀንና ቦታ፣ የጠፋበት ቦታ፣ ቀንና ሁኔታ ይጠየቃል። ቀኑን በእ.ኤ.አ. ስጡ። የፋይል ቁጥራችሁን ያዙ፤ ስልክ ወይም አድራሻ ስትቀይሩ ወዲያው አሳውቁ። መልስ ሲመጣ ፈላጊው ያልተገኘባቸው ጉዳዮች ያሳዝናሉ።

አንድ ነገር ዕወቁ። ሰውየው በሕይወት ቢገኝም አድራሻው ያለ ፈቃዱ አይሰጣችሁም። መገናኘት አልፈልግም ካለ ውሳኔው የእርሱ ነው።

ተጠንቀቁ። "ስሙን ከዝርዝር አውጥቼ አመጣለሁ፣ ይህን ያህል አምጡ" የሚል ሰው ከመጣ አትክፈሉ። የእናቱን ስም፣ የመታወቂያ ቁጥሩንና የልደት ቀኑን አንድ ላይ በአደባባይ አትለጥፉ፤ አጭበርባሪ በዚያው መረጃ "አገኘሁት" ብሎ ይመጣል። የፈተና ጥያቄ ለራሳችሁ ያዙ፤ ለምሳሌ የቤት ስሙን ወይም የሰውነት ጠባሳውን። እውነተኛ ምስክር ሳትነግሩት ያውቀዋል።

ደረጃ 10፦ መረጃ ሲጋጭ

አንዱ "ምጽዋ ሞተ"፣ ሌላው "የመን አይቼዋለሁ" ይላል። አንዱን ጥላችሁ ሌላውን አትያዙ። መጀመሪያ ስለ አንድ ሰው መናገራቸውን አረጋግጡ፤ ሞክሼ ብዙ ነው። ማዕረግ፣ ኮርስ፣ የትውልድ ቦታ ጠይቃችሁ አስተያዩ። ከዚያ ቀኖቹን ደርድሩ። የኋለኛው ምስክር የዓይን ምስክር ከሆነና ሰውየውን ቀድሞ በቅርብ ያውቀው ከነበረ ሚዛን የሚደፋው እርሱ ነው። ካልለየ ሁለቱንም ጻፉ፤ የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ላይም "ከ1982 በኋላ አልታወቀም" ብላችሁ አስገቡ። የሞት ዓመት ፈጥራችሁ አትሙሉ። ልጆቻችሁ እውነት ብለው ይወርሱታል።

ደረጃ 11፦ ፍርድ ቤት

ውርስ፣ ቤት ወይም ጋብቻ ተንጠልጥሎ ከቀረ በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 154 መሠረት የመጥፋት ውሳኔ መጠየቅ ይቻላል። ሰውየው ከጠፋ 2 ዓመት ካለፈውና ወሬው ካልተሰማ ጉዳዩ የሚመለከተው ሰው ያመለክታል። ማመልከቻው የሚቀርበው የመጨረሻ ዋና መኖሪያው በነበረበት ቦታ ላለው ፍርድ ቤት ነው። ደብተራችሁን፣ የገቢ ቁጥር ያለባቸውን ማመልከቻዎችና ከመሥሪያ ቤቶቹ የተሰጣችሁን መልስ ይዛችሁ ሂዱ። "አልተገኘም" የሚል ደብዳቤም እዚህ ላይ ማስረጃ ነው፤ አትጣሉት።

ከማመልከታችሁ በፊት ሚስቱን አማክሩ። ውሳኔው ጋብቻውን ያፈርሳል። ልትሰማው የሚገባት ከእናንተ እንጂ ከችሎት አይደለም።

ደረጃ 12፦ መልስ ሲመጣ

መልካም ወሬ ከሆነ ወዲያው ለቤተሰቡ ሁሉ አትበትኑ። በፈተና ጥያቄያችሁ አረጋግጡ፤ ድምፁን ስሙ።

መርዶ ከሆነ በስልክ ለእናቱ አትናገሩ። ወረቀቱን ሁለት ሰው ያንብበው፤ ስሙ፣ የአባቱ ስም፣ የእናቱ ስምና ቀኑ መመሳሰሉን ያረጋግጥ። ከዚያ ለቅርብ ሽማግሌዎችና ለነፍስ አባቷ ወይም ለሃይማኖት አባቷ አስታውቁ፤ በእነርሱ በኩል በማለዳ ይነገራት። የጤና ችግር ካለባት የሚከታተላት ሰው አጠገቧ ይኑር። የደብተሩን፣ የምስክሮቹን ቃልና የመልሱን ወረቀት ኮፒ ቢያንስ በሁለት የተለያየ ቤት አስቀምጡ።